ሙዘይን ለልጁ ያስተማራት አቶም

ሙዘይን ውጫሌ ውስጥ ኬሚስትሪ ያስተምር ነበር። ሚስቱ ፈዲላ ገበያ ላይ ጨርቅ ትሸጣለች። ያለቻቸው አንዲት ልጅ፣ ሲቲ ናት። ሲቲ ስኳር በሽታ ስላለባት በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ውጫሌ ደረሰ። መብራትና ስልክ ጠፋ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ጤና ጣቢያው ተዘረፈ። ትምህርት ቤቱም ባዶውን ቀረ። ዘጠነኛ ክፍል ገብታ የነበረችው ሲቲ ተቆጨች።

«አባዬ፣ አንተ አስተምረኝ እንጂ!»

ሙዘይን ሰፌድ አምጥቶ መሀሉ ላይ ሽምብራና አተር ከመረ፤ ጠርዙ ላይ ጤፍ በተነ።

«ይህ የብረት አቶም ነው እንበል። ሽምብራው ፕሮቶን ነው፤ ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። አተሩ ኒውትሮን ነው፤ ቻርጅ የለውም። ክብደታቸው ግን እኩል ነው በይው። ጤፏ ኤሌክትሮን ናት፤ ቻርጇ ከፕሮቶኑ እኩል ሆኖ ኔጌቲቭ ነው። ክብደቷማ ምን አላት፤ ከሽምብራው ጋር ስትተያይ ጤፏም ትበዛባታለች።»

«ኤሌክትሮን ብትሄድበትስ?»

«ብረቱ ያው ብረት ነው፤ አዮን ይባላል እንጂ። ፕሮቶን ከጎደለ ግን ብረትነቱ ቀረ፤ ሌላ ንጥረ ነገር ሆነ።»

«ኒውትሮንስ? ቻርጅ ከሌለው ምን ይሠራል?»

«ፕሮቶኖች እርስ በርስ ይገፋፋሉ። እሱ ማንንም አይገፋም፤ መሀላቸው ሆኖ አብረው እንዲቆዩ ያግዛል።»

«እንደ እማዬ!» አለች ሲቲ። ፈዲላ ከጓዳ ሰምታ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የሳቀ ሰው ሙዘይን አያስታውስም።

ኢንሱሊኑ አለቀ። ሲቲ ውሃ አልጠግብ አለች፤ ያስመልሳት ጀመር። ሙዘይን ዋናውን መንገድ ትቶ በተራራው በኩል እስከ ሐይቅ ከተማ በእግሩ ሄደ። መድኃኒት ቤቶቹ ሁሉ ተሰብረዋል። በመጨረሻ ሰዎች ወይኒቱ ወደሚባሉ አሮጊት ቤት ጠቆሙት፤ እሳቸውም የስኳር ሕመምተኛ ናቸው።

«ሁለት ጠርሙስ ቀርቶኛል፤ አንዱን ለልጅህ ውሰድ» አሉት።

«እማማ፣ እርስዎስ?»

«እኔ ኖሬያለሁ። በል ሂድ፣ አትቁም።»

መድኃኒቱ ደረሰላት። ሲቲ ቀና ብላ ተቀመጠች፤ እህልም ቀመሰች። ጠርሙሱም አለቀ። መንገዱ ግን አልተከፈተም። ሙዘይን እንደገና ሊሄድ ሲነሳ ታጣቂዎች ከከተማው መውጫ መለሱት። ሲቲ ትንፋሿ እየፈጠነ፣ ስሟ ሲጠራ የማትሰማ ሆነች። ጎህ ሲቀድ አለፈች። አገሩ ሸሽቶ ስለነበር ጀናዛዋን የሸኙት ጥቂት ጎረቤቶች ናቸው።

ከቀብር ሲመለሱ ፈዲላ አላለቀሰችም። «አንተ የተማርከው ለምን ነበር?» አለችው።

መንገዱ ሲከፈት ሐይቅ ወረደ። የወይኒቱ በር ተዘግቷል። አንዲት ጎረቤት ማረፋቸውን ነገረችው።

«አላህ ያጽናችሁ፤ ማረፋቸውን አልሰማሁም ነበር» አላት።

«መድኃኒት አጥተው ነው፤ ኅዳር ላይ» አለችው ሴትዮዋ። «ዘመድ ነህ?»

ሙዘይን አጥሩን ይዞ ቆመ።

ትምህርት ቤቱ ያለ ወንበር ተከፈተ። ሙዘይን ያስተምራል፤ የአቶም ምዕራፍ ሲደርስ ግን ባልደረባው ማዕረግ ይገባለታል። ማዕረግ ለምን ብሎ ጠይቆት አያውቅም።

ፈዲላ ሐይቅ፣ እህቷ ዘንድ ገብታ ቀረች። ሙዘይን በየጁምአው ይሄዳል። ምሳ ታቀርብለታለች፤ በልቶ ሲጨርስ ሳህኑን ታነሳለች፤ ከዚያ ተነስቶ ወደ ውጫሌ ይሳፈራል።