የእማማ ጥሩነሽ አስተርጓሚ

ልጅ ሳለሁ፣ ኖርዌይ አገር፣ ቶየን በሚባል ሰፈር፣ ኮሙኑ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ በሰጠን ጠባብ ቤት፣ ብርዱ ሲገባ የእናቴ አክስት እማማ ጥሩነሽ የብረት ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ስለተወለዱባት ስለ ጋምቤላ ያወሩልኝ ነበር። ያኔ ፍሙ ፊታቸውን እያቀላው፣ ሻሻቸው ጭስ ጭስ እየሸተተ፣ በባሮ ወንዝ ከካርቱም ሽቅብ ስለሚመጡት መርከቦች፣ ቡና ስለሚጫንበት የእንግሊዞች ወደብ፣ ኋላም ከተማዋን ስለያዘው ጣሊያን ሲነግሩኝ፣ ውጭ በረዶ መጣሉን እረሳው ነበር።

አንዱን ታሪክ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የነገሩኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ጎረቤታቸው ታንኳ ቀዛፊው ኡጁሉ ለአርበኞች መልእክት ያመላልስ ነበር። አንድ የጣሊያን ወታደር ስኳር ሰጣቸውና ኡጁሉ የት እንደተደበቀ ጠየቃቸው። በጣታቸው የቡናውን መጋዘን አሳዩት። ኡጁሉ ተወሰደ፤ አልተመለሰም።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ አስተማሪያችን ጦርነት ያዩ አያቶችን ወደ ክፍል ጋበዘች። የጓደኞቼ አያቶች ያኔ ኖርዌይን ይዘው የነበሩትን ጀርመኖች እንዴት እንዳታለሉ እየሳቁ አወሩ። ከዚያ እማማ ተነሥተው፣ እኔ ላስተረጉም አጠገባቸው ቆሜ፣ ያንኑ ታሪክ በአማርኛ ምንም ሳይቀንሱ ተናገሩ።

«ሰው ያስያዝኩት እኔ ነኝ። በይ ንገሪያቸው» አሉኝ።

የክፍሉ ልጆች ሁሉ አፍ አፌን ያዩኛል። በእማማ አፈርኩ። በኖርዌጅኛ፣ «ወታደሩ ስኳር ሰጣት፤ እሷ ግን አልናገርም አለች። ቀዛፊውም አመለጠ» አልኩ።

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። አስተማሪዋ አቀፈቻቸው። እማማ አለቀሱ።

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ይዘው፣ «ለእናትሽ እንኳ ነግሬያት አላውቅም» አሉ። «እነሱ ግን ሰምተው አጨበጨቡልኝ። ይቅር ብለውኛል ማለት ነው፤ አይደል?»

«ያ» አልኳቸው በኖርዌጅኛ። በአማርኛ አዎ ማለት አቅቶኝ ነው።

በዓመቱ አረፉ። እናቴ «መጨረሻቸው ላይ ቀለል ብሏቸው ነበር» ትላለች። እማማ ሰባ ዓመት የተሸከሙትን እውነት እዚያ አምጥተው ነበር፤ የቀማኋቸው እኔ ነኝ። ግን ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ኡጁሉ ነው። ያን ዕለት አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ሊያዝንለት ይችል ነበር፤ በእኔ አፍ አመለጠና ማንም ሳያዝንለት ቀረ።