ጣሪያ ላይ የተሰጣው አንሶላ

ባለፈው ሰሞን ለአንድ የመታሰቢያ በዓል ልምምድ ጄቶች በልደታ ሰማይ ላይ አለፉ። እኔና ታላቅ ወንድሜ ግርማ ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን የተጠበሰ በቆሎ እየበላን ነበር። እሱ ቀና ሲል እኔ እንደ ልማዴ ወደ ታች፣ ወደ ጣሪያዎቹ አየሁ። የድሮው ቤታችን ፈርሷል፤ ጣሪያው ግን ዛሬም ይታየኛል።

በደርግ ጊዜ ነው። እኔ የስድስት ኪሎ ተማሪ፣ ሰው ፊት መናገር የምፈራ ልጅ ነበርኩ። ግርማ አብራሪ ሆኖ ሰሜን ጦር ግንባር ዘምቷል። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ወሬው ጠፍቶብናል። የእማዬ ተስፋ ሲሄድ የነገራት ነገር ብቻ ነበር፦ "ለአብዮት በዓል ከመጣሁ ከግራ ጫፍ ያለው አውሮፕላን የኔ ነው።"

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ግቢያችን እርጥብ አፈርና ጤና አዳም ይሸት ነበር። እማዬ እኔን መሰላል አስወጥታ ትልቁን ነጭ አንሶላ ቆርቆሮው ላይ አስዘረጋችኝ።

"ለምንድን ነው፣ እማዬ?"

"ቤቱን ይለየዋ! ከላይ ሲያዩት ቆርቆሮ ሁሉ አንድ ነው።"

ብዙም ሳይቆይ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ሽፈራው ጠመንጃውን አንግቶ በር ላይ ቆመ። የጎረቤት ልጅ ነው፤ በዚያ ጠዋት ግን አይመስልም።

"እትዬ የሺ፣ ይሄ ነጭ ነገር ለማን ምልክት ነው?"

በዚያ ዘመን "ምልክት" ሰው ወስዶ የማይመልስ ቃል ነበር። እማዬ ግን ሳቀች።

"የምን ምልክት! በርበሬ ላሰጣ ነው። ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ገደለብኝ። ይልቅ አንተ ጎረምሳ፣ የበርበሬውን ጆንያ አቀብላት!"

ሽፈራው አመነታ፤ ከዚያ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ አቀበለኝ። ነጩ አንሶላ ቀላ። እያስነጠስኩ ሳለሁ ነው አውሮፕላኖቹ የመጡት።

መጀመሪያ ድምፅ አልነበራቸውም። ክንፍ ለክንፍ ተጠጋግተው እንደ ዋኖስ መንጋ በብርሃኑ ውስጥ ተንሳፈፉ። ኋላ ነጎድጓዱ ደረሰ፤ ቆርቆሮው ከእግሬ ሥር ተርገበገበ፣ በርበሬው ዘለለ። እማዬ ከታች ነጠላዋን እያወዛወዘች "አየኝ! አየኝ!" ትላለች። ሽፈራው እንኳ ኮፍያውን አውልቆ አንጋጧል። ከግራ ጫፍ አንድ አውሮፕላን ነበር። ግን ማንም ቢያበር በግራ ጫፍ አንድ መኖሩ አይቀርም፤ ይህ የገባኝ ካለፉ በኋላ ነው። ለእማዬ አልነገርኳትም። ከጣሪያው ወርጄ በሩን በሩን ሳይ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ግርማ ነው፤ ከስቷል፣ ጠቁሯል። እማዬ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልቅሳ ሲወጣላት ምሳ አቀረበችለት።

"አየኸኝ?"

"አየሁሽ እንጂ!"

"የዘረጋሁት ምን መልክ ነበረው?"

ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ። እኔ አንገቴን እንደደፋሁ አንድ ዛላ በርበሬ ከትሪው አጠገብ አኖርኩ።

"ቀይ" አለ።

እማዬ ሳቀች።

ስሸኘው በጆሮዬ፣ "ወደ ታች አይታይም እኮ" አለኝ። "የማየው ከጎኔ ያለውን አውሮፕላን ክንፍ ብቻ ነው። ዓይኔን ለአፍታ ብነቅል እንጋጫለን።"

አመሻሹ ላይ በርበሬውን ስንሰበስብ እማዬ እጄን ያዘችኝ። "ዛላውን ስታኖሪ አይቼሻለሁ" አለችኝ። "እንደዚያ ተጠጋግተው እየበረሩ እኔን ቢያይማ ኖሮ፣ መቼ ይመጣልኝ ነበር?"

እማዬ ካረፈች ቆየች። ግርማም ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ያን ዕለት በረንዳው ላይ በቆሎውን አስቀምጦ "ከታች ሲያዩት እንዲህ ያምራል እንዴ?" አለ፤ በሕይወቱ የአውሮፕላን ሰልፍ ከሥር ሆኖ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ከግራ ጫፍ ያለው በላያችን ሲያልፍ ለማያውቀው አብራሪ በሹክሹክታ፣ "ወደ ታች እንዳታይ፣ ልጄ" ሲል ሰማሁት።

እኔ ግን አየሁ። ከሥራችን ካሉት ጣሪያዎች በአንዱ ላይ ነጭ ነገር ተሰጥቶ እንደሆነ፣ ድምፁ ከሰማዩ እስኪጠፋ ድረስ ስፈልግ ቆየሁ።