ለቲቸር አስካለ የከለከልኩት ይቅርታ

ባለፈው ቅዳሜ በሐረር ግንብ በሸዋ በር ገብቼ ወደ ገበያው ስወርድ አንዲት ጨርቅ ሻጭ ከሣጥን ያወጣችውን አቡጀዲ ፊቴ ላይ ዘረጋችው። የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዬን ሰነጠቀው። ሴትዮዋ «ንኪው እንጂ እህቴ፣ አይናከስም» ስትለኝ እኔ እዚያ አልነበርኩም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ የእጅ ሥራ ክፍል በር ላይ ቆሜ ነበር። ፊቴ ሳይጠቁርም አልቀረ፣ ሴትዮዋ ጨርቋን ቶሎ ሰበሰበች።

ናፍታሊን የቲቸር አስካለ ሽታ ነው። ባለቤታቸው ወታደር ነበሩና ወደ ሐረር ሲዛወሩ እሳቸውም አብረው መጥተው ትምህርት ቤታችን ተመደቡ። የእጅ ሥራ ያስተምሩን ነበር። ክፍላችን ከግቢው ጥግ ያለች ቆርቆሮ ቤት ስትሆን፣ ግድግዳውን ተደግፎ አንድ ትልቅ ቁም ሣጥን ቆሟል። የተማሪ ጥልፍና ዳንቴል እዚያ ይቀመጣል፤ ብል እንዳይበላው ደግሞ በየመደርደሪያው ናፍታሊን ይበተናል። ቁልፉ ከቲቸር አስካለ ወገብ አይለይም። ሹራባቸው፣ ሻሻቸው፣ የያዙት ጠመኔ ሳይቀር ያንኑ ይሸት ነበር። እሳቸው እያልኩ የምጽፈው ስለማከብራቸው እንዳይመስላችሁ፤ እጄ ስለለመደ ነው። በልቤ አንቺ ካልኳቸው አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ጥሩ አስተማሪ ነበሩ። ይህን መጻፍ ያንገበግበኛል፣ ግን ነበሩ። ጥልፋችንን ይዘን ስንቀርብ ፊቱን አያዩትም፤ ገልብጠው ጀርባውን ነው የሚያዩት። ክሩ እዚያ ከተዝረከረከ፣ ቋጠሮው ከጎላ፣ ፊቱ የቱንም ያህል ቢያምር በመርፌ ጫፍ ፈትተው «እንደገና» ብለው ይመልሱታል። እያለቀሰች የፈታች እንጂ ያልፈታች ልጅ አልነበረችም። የኔ ጀርባ ግን እንደ ፊቱ የጸዳ ነበር። አንድ ቀን ጨርቄን አገላብጠው አዩና ምንም ሳይሉ መለሱልኝ። ከሳቸው አፍ ምንም አለመውጣት ትልቅ ምስጋና ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ከረምኩ።

በዚያ ዓመት ለወላጆች ቀን የጠረጴዛ ልብስ ጠለፍኩ። ንድፉን የቀዳሁት ከሐረሪ ጎረቤታችን ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ስፌቶች ነው፤ እግሬን አጣምሬ መደቡ ላይ ቁጭ ብዬ ቀዩንና ብጫውን፣ ዚግዛጉንና ኮከቡን በእርሳስ ደብተሬ ላይ እስልና በነጋታው ክፍል ውስጥ እጠልፈዋለሁ፤ ሥራው እዚያው ቁም ሣጥኑ ውስጥ ስለሚቆለፍ እናቴ አይታው አታውቅም። ከጥቅምት እስከ ሰኔ ፈጀብኝ። ጣቶቼ ጫፋቸው ወንፊት ሆኖ ነበር። አንዱ ማዕዘን ላይ ቀይ ክር አለቀብኝና በብርቱካናማ ጨረስኩት።

የወላጆች ቀን ከእናቴ ጋር ስንገባ የጠረጴዛ ልብሴ ሰሌዳው መሐል ላይ ተሰቅሏል። ደስታዬን አልችለው ብዬ የእማዬን ነጠላ ጎተትኩ። ከሥሩ በስፒል የተያዘች ወረቀት ነበረች። ሰላማዊት ይላል። ሰላማዊት የቲቸር አስካለ ልጅ ናት፤ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት ሰው የምትለምን ልጅ።

«ቲቸር፣ ይሄ የኔ ነው» አልኩ።

እኔን አላዩኝም። እናቴን ነው ያዩት። «እትዬ፣ ልጅሽ የሰው ሥራ ዓይኗን ያማልለዋል። ካሁኑ ካልተቀጣች ነገ እጇም ይለምዳል።»

ስለ ብርቱካናማው ክር ተናገርኩ። ማዕዘኑን እያሳየሁ ጮህኩ። «ቆማ ስታየው ውላ ነው» አሉ፤ በቃ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እናቴ አስተማሪ ይዋሻል ብላ የማታስብ ሴት ነበረች። ፊቷ በላብ ተጠመቀ፤ ጆሮዬን ይዛ «ውረጂ፣ ጉልበት ስመሽ ይቅርታ ጠይቂ» አለችኝ። ያ ሁሉ ወላጅ እያየ ተንበርክኬ የቲቸር አስካለን ጉልበት ሳምኩ። ቀሚሳቸው ናፍታሊን ይሸታል። «ተነሺ፣ ይበቃል» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መርፌ አልያዝኩም። የልጆቼን ሸሚዝ ቁልፍ እንኳ ሰው ነው የተከለልኝ። እሳቸውን የቀጣሁ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን መኖሬንም የረሱ ይመስሉ ነበር። አሁን ሃምሳ አልፎኝ ሳስበው፣ የምወደውን ነገር በገዛ እጄ ከራሴ ላይ መቀማቴ ያንገበግበኛል። እናቴም ሳታምነኝ ሞተች። ስታጣጥር አጠገቧ ነበርኩ፤ «እማዬ፣ ያ ጨርቅ የኔ ነበር» ለማለት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ያን ዕለት ማታ የጠላሁት እናቴን የወሰደውን ሞት ሳይሆን ቲቸር አስካለን ነው።

ሐረር ደግሞ ጠላትን የምትሸሽባት ከተማ አይደለችም። አራተኛ ሰፈር አገኛቸዋለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን አገኛቸዋለሁ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። ሰላምታቸውን ሳልቀበል ሠላሳ ምናምን ዓመት ኖርኩ። ጡረታ ወጥተው ከዘራ ከያዙ በኋላ አንድ ቀን ኃይለኛ ዝናብ ይጥላል፤ እኔ ባጃጅ ውስጥ ነኝ፣ እሳቸው መንገድ ዳር ሆነው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። አንድ ሰው የሚይዝ ቦታ አለ።

«አቦ፣ አሮጊቷን እንጫናት እንጂ» አለ ሾፌሩ።

«ተጣብበናል፤ ንዳው» አልኩት።

በመስታወቱ ሻሻቸው ሲበሰብስ አየሁ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ምሳ ጣፈጠኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባቴ ቤቴ መጡ። ለካ የቲቸር አስካለም የንስሐ አባት እሳቸው ናቸው።

«ወይዘሮ አስካለ ልካኝ ነው» አሉኝ። «ታማለች። ለመቁረብ ትፈልጋለች። ትርሲትን በድያታለሁ፣ ይቅር ትበለኝ ብላለች። እግር ቢኖራት ራሷ ትመጣ ነበር። ነገሩን አንቺ ታውቂዋለሽ።»

አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ነገር በአንዴ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ሁለት ቃል ነው የሚጠበቅብኝ፤ ይቅር ለእግዚአብሔር። እሱን ካላልኩ አይቆርቡም ብዬ አሰብኩ። ሳይቆርቡ ይሙቱ ብዬም አሰብኩ። እንዲህ ብዬ ማሰቤን አልደብቅም።

«አባቴ፣ ተሳስተው ይሆናል» አልኩ ድምፄን አለስልሼ። «እኔን ምንም አልበደሉኝም። የማላውቀውን በደል እንዴት ብዬ ይቅር እላለሁ?»

መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። «ቤቷ ድረስ ነይላት። በአፏ ልትነግርሽ ትፈልጋለች» አሉ። ልጅ ሆኜ፣ ልጅ ወልጄ፣ ባል ቀብሬ ስጠብቀው የኖርኩት ያንን ነበር፤ ቲቸር አስካለ «ያንቺ ነበር» ሲሉ መስማት። ሆኖም እሳቸውን ማሠቃየቱ ከመስማቱ በለጠብኝ።

«ከጾሙ በኋላ እመጣለሁ» አልኩ።

ጾሙ ሳይፈታ ሞቱ። ቀብር ላይ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። አባን ቀረብ ብዬ በሐዘን ድምፅ «ሳይቆርቡ?» አልኳቸው።

«ቆረበች እንጂ» አሉ። «የሰፈሩ ልጆች በቃሬዛ አምጥተዋት ቆረበች። ይቅርታ የጠየቀ የራሱን ጨርሷል ልጄ። የቀረው ያንቺ ነው። እስከ መጨረሻዋ ግን ትመጫለሽ ብላ በር በር ስታይ ነበር።»

ሌላ ሰው ይህን ቢነግረኝ አላምንም ነበር። እኔ በር ዘጋሁ ስል እሳቸው ገብተው፣ ውጭ የቀረሁት እኔ። ቅዳሴ አስቀድሳለሁ፤ ሰው ለመቁረብ ሲሰለፍ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ከምሰሶው ሥር እቆማለሁ። ዘንድሮ መቁረብ እንደምፈልግ ለአባ ስነግራቸው «ቂም የያዝሽበት ሰው አለ?» ብለው ጠየቁኝ፤ የሚያውቁትን ነው የጠየቁኝ። «ሂጂና መቃብሯ ላይ በይው» አሉኝ።

መጀመሪያ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ተመለስኩ። በሁለተኛው መቃብራቸው ዘንድ ደረስኩና ይቅርታውን ትቼ ተሳደብኩ፤ ስለ እናቴ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለዚያች ወረቀት ጮኼ ተናገርኩ። ሳር የሚያጭዱ ሰውዬ ቀና ብለው አዩኝ፣ አፈርኩና ወጣሁ።

የናፍታሊኑ ሽታ ቅዳሜን ሙሉ ከአፍንጫዬ አልወጣ ሲል እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደገና ሄድኩ። ድንጋዩ አጠገብ ቁጭ አልኩ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ። ከልቤ ነው ብዬ አልምልም፤ ግማሹን ያህል ይሆናል። ሰው ሲታረቅ ግን ሁለቱም ወገን ነው ይቅር የሚባባለው። የባጃጁ ነገር ነበረብኝ። አባን የዋሸሁት ነበረብኝ። «እኔንም ይቅር ይበሉኝ፣ ቲቸር» አልኩ።

ከዚያ ሳላስበው፣ እንደ ባህሉ፣ መልሱን መጠበቅ ጀመርኩ። ፀሐዩ ከበላዬ እስኪያልፍ ድረስ እዚያው ተቀምጬ ጠበቅሁ።