ሸራ የለበሱ ገንዳዎች

ፀሐይ የመታው ጥቁር ሸራ የራሱ ሽታ አለው፤ ሬንጅም የተቃጠለ ጎማም የሚመስል፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር። ባለፈው ሳምንት ሎሎጎ በሚባለው የጁባ ሰፈር፣ ከአንዲት ወጣት ሴት ግቢ ገና ከመግባቴ ይህ ሽታ ተቀበለኝ። ኢትዮጵያ ያደገች የደቡብ ሱዳን ልጅ ናት፤ ቆሮሶ የሚባለውን የሐይቅ ዓሣ ታረባለች። የዓሣ ጫጩቶቿ አላድግ ብለዋት ምክር ፈልጋ ጠራችኝ። ገንዳውን ዳር እስከ ዳር በሸራ ሸፍናዋለች።

«ማማ፣ ፀሐይ እንዳይፈጃቸው ብዬ እኮ ነው።»

«መቃብር ነው የሠራሽላቸው» አልኳት።

ሳቀች። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፤ አነሣዋለሁ።»

እኔ አልሳቅኩም። ጁባ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ከእኔ ደግ ቃል አይጠብቅም፤ እሷ ገና አላወቀችኝም። ሸራውን ስትገልጠው ውሃው ላይ ብርሃን ወደቀ፣ እኔም ሳልፈልግ ወደ ሃያ ሁለት ዓመቴ ተመለስኩ።

ያኔ ቀይ ባሕር ዳርቻ፣ አንድ የዓሣ ምርምር ጣቢያ ውስጥ ቴክኒሻን ነበርኩ። የጣቢያውን ስም አልናገርም። የባሕር ዓሣ ጫጩት ለማሳደግ እንሞክር ነበር። ከእንቁላል ሲወጡ እንደ መስታወት ክር ናቸው፤ ከዓይናቸው በቀር የሚታይ ነገር የላቸውም። ጥቂት ቀን ሆዳቸው ላይ ይዘውት በወጡት ስንቅ ይቆያሉ። እሱ ሲያልቅ አድነው መብላት አለባቸው፣ የሚያድኑት ደግሞ በዓይናቸው ነው። በብርሃን ጅራታቸውን አጥፈው ሲወረወሩ፣ የዋጡት ነገር ብርሃን በሚያሳልፈው ሆዳቸው ውስጥ ሲቀላ በማጉያ መነጽር አየው ነበር። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ያስደሰተኝ ነገር ብዙ አይደለም።

አለቃችን ይህን አያምንም። ከደጋ የመጣ፣ ነጭ ጋዋኑን በቀን ሁለቴ የሚለውጥ ሰው ነበር።

«ሰንጋ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲሰባ አይታችኋል? ጨለማ ጓዳ ታስሮ ነው የሚደልበው። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፣ አታስተምሩኝ» ይል ነበር።

በየማለዳው የባሕር ውሃና ከውሃው በጨርቅ አጥልሎ የጫጩቶቹን ምግብ የሚያመጣልን አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነበረ። ምግቡ በዓይን የማይለዩ ሕያዋን ፍጥረታት ናቸው፤ እሱ «የባሕር ትቢያ» ይላቸዋል። የአለቃችንን ነገር ሰምቶ፣ «ጌታዬ፣ ቀንድ የለው ሻኛ የለው፣ ምኑን ሰንጋ አደረጉት?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። አለቃችን አልሳቀም። እንዲህ ያለ ሰው ሳቅ አይረሳም።

ለሙከራ ከስድስቱ ገንዳዎች አንዱ ሸራ ለበሰ። የእኔ ትእዛዝ ጠዋት ገልጬ መመገብ፣ ወዲያው መሸፈን ነበር። በሁለተኛው ቀን ጫጩቶቹን አየኋቸው፤ ምግቡ አፋቸውን እየነካ ያልፋል፣ እነሱ ባዶ ሆዳቸውን ይዘው ይንሳፈፋሉ። አላስቻለኝም። ከዚያ ወዲህ አለቃችን ለጉብኝት እስከሚመጣበት እስከ ቀትር ድረስ ሸራውን አጥፌ አቆየው ጀመር። ሲመጣ ተሸፍኖ ያገኘዋል።

ደግነት መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ስንለካቸው የሸራው ጫጩቶች ከሁሉም በልጠው ተገኙ። ጠዋት ብርሃን አግኝተው በልተዋል፤ ክፍቶቹን ገንዳዎች ውሃ የሚያፈላው የቀትር ፀሐይ ደግሞ አልደረሰባቸውም። አለቃችን ግን ያየው ጨለማውን ብቻ ነው። ለአዲስ አበባ ጻፈ፣ እንግዶች መጡ፣ ተጨበጨበለት። በማግሥቱ ስድስቱም ገንዳዎች ሸራ ለብሰው በገመድ ታሰሩ፣ ቋጠሮውም ታሸገ። ምግቡ በቱቦ እንዲገባ ሆነ።

ልነግረው ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ውጭ አገር ለትምህርት ከሚላኩት ስም ዝርዝር ውስጥ ነበርኩ፣ ትእዛዝ የጣሰች ቴክኒሻን አትላክም። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ቀናቱ አለፉ።

ሽታው ሲያስገድደን ከፈትናቸው። ጫጩቶቹ ሁሉ ታች ተነጥፈዋል። በላያቸው ምግባቸው በሕይወት፣ በደስታ፣ ውሃውን አደፍርሶት ይርመሰመሳል።

እዚህ ጁባ፣ ማላኪያ ሰፈር፣ ይህን የምጽፍበት ክፍል መስኮቱ ሰፊ ነው። የጎረቤቴ ጄኔሬተር ያደነቁረኛል፣ ሙቀቱ ያፍነኛል፤ መጋረጃ ግን አላንጠለጠልኩም።

ገንዳዎቹን የከፈትን ቀን አለቃችን ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣም። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ «ለትምህርት የምትሄጂው በመጪው ወር ነው፣ አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ምንም አልነገርሽኝም።»

ከዓመታት በኋላ ሲሞት ቀብሩ ላይ ስለ ባሕር ፍቅሩ ተነግሮለታል አሉ። ቁርጭምጭሚቱን እንኳ ባሕር ነክቶት አያውቅም። አልቀበርኩትም፤ ብጠራም አልሄድም ነበር።

ያኔ አለቃችን ጥፋቱን ሽማግሌው ላይ ጣለው። ከወደቡ አጠገብ ዘይት የነካው ውሃ ቀድቷል አለ። ከአዲስ አበባ የተላከው መርማሪ ግን ሞኝ አልነበረም። ግቢው መካከል ሰብስቦን ሽማግሌውን ጠየቀው፤ «አባባ፣ ያ የመጀመሪያው ገንዳ እንዴት አደገ ታዲያ? ሸራውን የሚከፍት ሰው ነበረ?»

ሽማግሌው በየማለዳው ውሃ ተሸክሞ ሲገባ ሸራው ታጥፎ፣ እኔ ገንዳው ላይ ተደፍቼ አይቶኛል። ስንት ጊዜ ሰላም ብሎኝ አልፏል። አሁን ዓይኑን ወደ እኔ ሳያዞር፣ «አላየሁም ጌታዬ» አለ። እኔ እግሬ ሥር ያለውን አሸዋ አየሁ። አለቃችን ሳል ሳለ። የሽማግሌው የስንብት ደብዳቤ የተጻፈው እዚያው ነው።

ይህን ሁሉ ዘመን ከአለቃዬ ይልቅ የተቀየምኩት ሽማግሌውን ነው። ማን አድነኝ አለው? ቢያጋልጠኝ ኖሮ ጠልቼው አርፍ ነበር። ተማርኩ፣ ተሾምኩ፣ በየአገሩ ዞርኩ፤ የበላሁት እንጀራ ሁሉ የእሱ ዝምታ ነው።

የተሰናበተ ቀን የጣቢያው በር ላይ ጠበቅኩት። ይቅርታ ልጠይቀው ይሁን እንዲሰድበኝ፣ አሁንም አላውቅም። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ።

«ምን ይገትርሻል አንቺ ልጅ? ሂጂና ተማሪ። እኔ እንደሆነ ባሕር አለኝ።»

እሱ በዚያ በጠራራ ፀሐይ ወደ ዳርቻው ወረደ። ጀልባውንና መረቡን ጣቢያው የቀጠረው ጊዜ እንደሸጣቸው አውቅ ነበር። ማወቄንም ያውቃል።