አቼቶው ያሳየኝ ነጭ

አቼቶ እኔ የማውቀው ሰላጣ ላይ ነው። ለማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ጤና ጣቢያ ተጋድሜ፣ ነርሷ «አቼቶ የመሰለ ነገር እቀባሻለሁ፤ ደህና ያልሆነ ቦታ ካለ ነጭ ይሆናል» ስትለኝ ሳቄ መጣ። «ሎሚም ጨምሪበት!» አልኳት። ትንሽ ቆይታ፣ «እህቴ፣ ነጭ የሆነ ቦታ አለ። ተረጋጊና ላስረዳሽ...» አለች።

የምን መረጋጋት! እኔ ሲፈጥረኝ ሰው እስኪጨርስ መስማት አልችልም። ለብሼ ወጣሁ። ታክሲ እንኳ ሳልጠብቅ፣ እያለቀስኩ መካኒሳ ድረስ በእግሬ፣ ቀጥታ የእድራችን ሰብሳቢ ቤት። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከእኔ ሌላ ማንም የላትም። ስሞት ድንኳን የሚተክልላት፣ ለቅሶ የሚቀመጥላት እንዳታጣ፣ በእኔ ቦታ ስሟ መዝገብ ላይ እንዲገባ ፈለግኩ። ብልጠቴ ይሄ ነበር፤ ከመታከም መቀበሩን አስቀደምኩ።

ሰብሳቢያችን ስንቱን የቀበሩ ቁጡ ሴትዮ ናቸው። መዝገቡን እያወጡ፣ «ማን ሞተ?» አሉኝ።

«እኔ፣ እትዬ» አልኩና የሆነውን ነገርኳቸው።

መዝገቡን መልሰው ቆለፉበት። «አንቺ ቀዥቃዣ! እኔንስ ነጭ አለ ብለውኝ አልነበር? ታክሜ ይኸው አለሁ! ተነሽ!» ነጠላቸውን አጣፍተው እጄን እየጎተቱ መለሱኝ።

ነርሷ አልተቆጣችም። እንደገና ቀብታ፣ በባትሪ እያበራች በመስታወት አሳየችኝ። «ካንሰር አይደለም። ቫይረስ ያመጣው ለውጥ ነው፤ ዝም ከተባለ ከዓመታት በኋላ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ እናጠፋዋለን» አለች። ነጯን ነጥብ አየኋት፤ ከምስር ፍሬ አትበልጥም። ወይ ጉድ! ገና መንገድ ያልጀመረ ሞት በአቼቶ ይታያል? ፍርሃቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የምትሞቅ ትንሽ መሣሪያ ነካ አደረገችበት፤ እንደ ወር አበባ ቁርጠት አመመኝና አለቀ። ይኼው ነው!

በዓመቱ ተመለስኩ። ተቀባሁ፣ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። «ነጭ የለም» አለች። በዚህ ጊዜ እስክትጨርስ ሰማኋት።

እትዬ በር ላይ እየጠበቁኝ ነበር። ስነግራቸው አቅፈው ሳሙኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ከዚያ ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ።

«እንግዲህ እኔን የምትቀብሪኝ አንቺ ነሽ» አሉ። «ታዲያ እንደዚያን ቀን አቋርጠሽ እንዳትሮጪ!»