«ጥቃቅን ማስተካከያ ብቻ»

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ላይ የመጣው መልእክት ገና ሳየው አላማረኝም። ራውተሮችን ከርቀት የምናስተካክልበት ኦፕን ሶርስ የሶፍትዌር ላይብረሪ አዲስ ቨርዥን ወጥቶለታል፤ «ጥቃቅን ማስተካከያ ብቻ» ይላል።

ይህን ያህል ጥቃቅን ከሆነ ምን አስቸኮላቸው?

ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር፣ የበርበሬ ነጋዴው ሐጂ ሱቅ ውስጥ ኬብል እየዘረጋሁ ነበር። ፊቴን አይተው «ምን ሆንክ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ማን ነው የሚሠራው?»

«የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው፣ ሐጂ። በነፃ።»

«በነፃ? ወላሂ፣ ከሥሩ ሳታይ እንዳትነካው!»

እሳቸው በርበሬ ሲገዙ የጆንያውን አፍ አያምኑም፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተው ከሥር ይዘግናሉ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነውና እኔም የተቀየረውን ከመጨረሻው ጀምሬ አነበብኩ። ከሥር አንዲት መስመር ተሸጉጣለች፦ ከእንግዲህ አዲስ ሴቲንግ ሲጫን የድሮው ሁሉ ቀድሞ ይጠፋል።

ኮምቦልቻ መጋዘን ለሚሠራው ባልደረባዬ ለሰዒድ በኢንተርኔት ደወልኩ።

«አዲሱን እንዳትነካው!»

«አብሽር፣ ጥቃቅን ነው ይላል እኮ። አሁን በሱ ራውተሩ ላይ አዲስ ሴቲንግ እየጫንኩ...»

መስመሩ ተቋረጠ። ለካ የሚያወራኝ በዚያው ራውተር ዋይፋይ ኖሯል።

ይህን የምጽፈው ከርቀት የማይደረስበትን ራውተር በእጄ ላስተካክል ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው። እናንተንስ «ጥቃቅን» የተባለ ነገር የት ድረስ አስኬዳችሁ?