በግቢዬ የታሰረችው ላም

በሁምቦ ቆላ የበልጉ ዝናብ በቀረበት ዓመት ባለቤቴ ለጉልበት ሥራ ወደ አዋሽ ወርዶ ነበር። እኔ ከሦስት ልጆች ጋር ቀረሁ። በቆሎው በቆመበት ደረቀ። ቤት ውስጥ የነበረው የአንዲት ላም ወተት ብቻ ነው፤ ላሟም የእኔ አልነበረችም።

በእኛ አገር ሀብት ያለው ሰው ከብቱን ሁሉ በአንድ በረት አያስርም። ለድሃ ጎረቤት በአደራ ይሰጣል፤ ድሃው ያበላል፣ ያልባል፣ የሚገኘውን እንደ ስምምነታቸው ይካፈላሉ። ሃራ እንለዋለን። ከብቱ የማን እንደሆነ አይወራም። ይህችን ላም የሰጠኝ ዘወትር ያንኑ የተጣፈ ኮት የሚለብስ የሰፈራችን ሰው ነው። በስንት ቤት ከብት እንዳለው እሱና እግዚአብሔር ያውቃሉ። ቅቤው የእሱ፣ አሬራው የልጆቼ ነበር። የማን እንደሆነች ላልናገር በእመቤቴ ስም ምዬለታለሁ።

የእርዳታ ስንዴ የሚያገኙትን ለመምረጥ ቀበሌው ሕዝቡን ዋርካው ሥር ሰበሰበ። ስም ይነበባል፣ ጎረቤት ይመሰክራል። ባለ ኮቱ በግቢው አንድም ከብት ስለሌለው በድህነት አለፈ። ከዚያ እኔ ተጠራሁ።

«አንቺ ላም አለሽ» አለ ሊቀመንበሩ።

«በግቢዬ አለች።»

«የማን ናት ታዲያ?»

ወደ ባለ ኮቱ አላየሁም። ልጆቼ በዓይኔ ላይ ነበሩ፤ መሐላውም እንደዚያው።

«እንግዲያው የራሷ ናት። ሰርዟት።»

ከኋላ አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ ተነሡ። «አንተ ልጅ፣ ላሟ የሷ ከሆነች ቅቤዋን የት አደረገችው? እስቲ አናቷን እየው።»

ጸጉሬ እንደ በቆሎው ደርቆ ነበር።

«ላሟን ትቀባት ይሆናል» አለ አንዱ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሊቀመንበሩ አልሳቀም። «ኮታው ሞልቷል፤ አንድ ሰው ካልወጣ አትገባም።»

ባለ ኮቱ መሬት መሬት እያየ ተነሣና፣ «የእኔ ይውጣ» አለ።

«ለምን?»

«ይውጣ አልኩህ እኮ።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰው እንዳይጠረጥረው ላሟን ሊወስድ መጣ። አልተቆጣኝም። ገመዷን ራሴ ፈትቼ ሰጠሁት። ትንሿ ልጄ እስከ መንገዱ ድረስ እያለቀሰች ተከተለቻት።

ስንዴው መጣ፤ ልጆቼ ክረምቱን ወጡት። ተመስገን። ግን አንድ ነገር ከልቤ አልጠፋም። ለእያንዳንዱ ነፍስ፣ ድሃ ነህ ወይ ሳይባል፣ እኩል ትንሽ እርዳታ ቢደርስ ኖሮ እሱ ከብቱን አይደብቅም፣ እኔም አናቴን በአደባባይ አላሳይም ነበር። ሀብት የተረፈው ሰው የደረሰውን በግብር መልክ ይመልሰው ነበር። እንዲህ ከተሰጠው ሰው ይሰንፋል የሚሉ አሉ። እኔ ግን ያንን ስንዴ በልቼ ባገኘሁት ጉልበት ነው በሚቀጥለው በልግ ማሳዬን የቆፈርኩት።

ሰውየው ላሟን ከወንዙ ማዶ ለምትኖር ባል ለሞተባት ሴት ሰጣት። በዓመቱ ዋርካው ሥር እንደገና ተሰበሰብን። «ላም አለሽ» ሲሏት ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። ባለ ኮቱም እዚያው ተቀምጧል፤ በዚህኛው ጊዜ ግን አልተነሣም።

እኔ ተነሣሁ። «የማን እንደሆነች አልነግራችሁም» አልኩ። «የሷ ግን አይደለችም። ላሟን አውቃታለሁ።»

ሊቀመንበሩ ባለ ኮቱን አየው፣ ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመልሶ የሴትዮዋን ስም ጻፈ።